ነጩ ክብ የያዘው

ሊሙ ገነት፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሲሃም ከሊል፣ ካለሽበት ኢስታንቡል

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ፣ ትምህርቱን ያግራልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቡናው ዘንድሮ ሸጋ ነው፤ ለቃሚ ነው የጠፋው። አክስትሽ ሀዋ ጉልበቴን ትላለች፤ አፏ ግን አንድም ቀን አላመማትም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ለአባትሽ ነፍስ ሰደቃ ብዬ ያስገነባሁትን ምንጭ ታውቂዋለሽ። ድንጋዩ ላይ ስሙን ያስቀረጽንበት። ሰው ጀሪካኑን ሞልቶ ሲያነሳ «ከሊልን አላህ ይርሐመው» ይላል፤ ውሃው እስከተጠጣ ድረስ ምንዳው ለወንድሜ ይጻፍለታል። ታዲያ ከዚያ ምንጭ የሚጠጡ ልጆች ተቅማጥ ይዟቸው ሰነበቱ። የልጄ የአሚራ ልጅ ሬድዋን ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰክቶለት ሦስት ቀን ተኛ። ተርፏል፤ ግን ተርፏል ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል? በወንድሜ ስም ያቆምኩት ውሃ ልጅ የሚያሳምም ከሆነ ለእሱ እየደረሰው ያለው ምንድን ነው?

ጥፋተኛውን አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን መሐሙድ አባ ዲጋ ነው። ላሞቹን ምንጩ አጠገብ ያጠጣል፣ እነሱም እዚያው ያራግፋሉ። ሽማግሌ ሰብስቤ ተናገርኩና ላሞቹ እንዳይደርሱ ተወሰነ፤ አሁን ወንዝ ድረስ ይነዳቸዋል። እሱ ግን ሰው መሀል ቆሞ «ማስረጃ አምጣ፤ ካላመጣህ ስሜን ታጥብልኛለህ» አለኝ። ስሙን! በዚህ ዕድሜዬ ልብስ አጣቢ ሆንኩለት!

ጨርቅ ልታመጣ እናንተ አገር የምትመላለሰው አፊፋ፣ ሲሃም ውሃ ውስጥ ያለውን ነገር የሚይዝ ወረቀት ይዛ ትሠራለች ብላ አጫወተችኝ። እውነት ነው? ማሎ፣ እባክሽ ወረቀቱን ላኪልኝ። ከዚያ «የላም ነው» የሚል ማህተም ያረፈበት ጽሑፍ እፈልጋለሁ። በስልክ እንዳትነግሪኝ። በስልክ ወሬ እንጂ ማስረጃ አይገኝም።

አጎትሽ ኸይሩ

*

ኢስታንቡል፣ ጥር 8 ቀን 2016

ለማከብርዎት አጎቴ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ለአክስቴ ሀዋ ጉልበት ዓፊያውን ያውርድላት። ሬድዋን በመዳኑ ሹክር ለአላህ። እስካሁን ስለ እኔ ሥራ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር፤ ደብዳቤዎን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ወረቀት ይመስላል እንጂ ወረቀት አይደለም፤ ሜምብሬን የሚባል ትንሽ ክብ ነው። ከጥጥ ከሚወጣ ነገር ነው የሚሠራው። ቀዳዳ አለው፤ ግን አንድ ሚሊ ሜትርን ለሺህ ቢከፍሉት የአንዷን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ውሃው ያልፋል፣ ተሕዋሲው ላዩ ላይ ይቀራል። እኛ የቀረውን አሟሙተን ዲኤንኤውን እናወጣለን። የላም አንጀት የራሱ ነዋሪዎች አሉት፣ የሰውም የራሱ፣ የዶሮም የራሱ። ስለዚህ ምንጩ ውስጥ ቆሻሻ መግባቱን ብቻ ሳይሆን የማን እንደሆነም እንለያለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሠራው አሁንም ያስገርመኛል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ። «የላም ነው የሚል ላኪ» ብለውኛል። እኔ የምልከው ክቡ የያዘውን ነው።

ከዚህ ጋር ክቡ የሚገባበት ማቀፊያ፣ ትልቅ ስሪንጅ፣ መቆንጠጫ፣ ጓንትና የክቦቹን እሽግ ልኬያለሁ። እጅዎን ታጥበው ጓንት ያድርጉ። ክቡን በመቆንጠጫ ብቻ ይዘው ማቀፊያው ውስጥ ያስተኙትና ውሃውን በስሪንጅ ይግፉበት፤ አልገፋ እስኪል ድረስ። ከዚያ ጥላ ሥር አድርቀው፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ፖስታ ውስጥ ይክተቱት። በቅድሚያ ግን አንዱን ክብ ከሱቅ በተገዛ የታሸገ ውሃ ይሥሩት። እሱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ሌላው ላይ የሚታየው ከእጅዎም ከዕቃውም እንዳልመጣ እናውቃለን።

ደግሞ ከምንጩ በላይ ምን ምን እንዳለ ይጻፉልኝ። ውጤቱ እስኪታወቅ ለሰው ሁሉ ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሲሃም

*

ሊሙ ገነት፣ መጋቢት 3 ቀን 2016

ለልጄ ለሲሃም

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ አላህ ዕውቀትሽን ይባርክ። ዕቃው ደረሰኝ። ወላሂ፣ መላ ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ ጅማ ሄርማታ መርካቶ ጨርቅ ሸጫለሁ፤ ወደ ብርሃን ይዤ ድርና ማጉን የማልለየው ጨርቅ የለም። ይህን ግን ቢያገላብጡት ቀዳዳ የለውም።

እንዳልሽው አደረግሁ። ውሃው እንደ ልቡ አለፈ፤ አልገፋ የሚል ነገር አላየሁበትም። ሰማያዊዎቹን ክቦች አድርቄ ልኬልሻለሁ። በየመሀላቸው የነበሩትን ነጫጭ መጠቅለያዎች ሀዋ አይባክኑም ብላ የጥቁር አዝሙድ ብልቃጦቿን አፍ ሸፍናባቸዋለች። የታሸገ ውሃ ያልሽውን ተውኩት። ከምንጭ ጎን ቆሞ ውሃ መግዛት ሰው ይስቅብኛል።

ከምንጩ በላይ ምን አለ ላልሽው፣ የመሐሙድ ግጦሽ አለ፣ ከዚያ ሰማይ ነው።

ማህተሙ እንዳይዘገይ።

ኸይሩ

*

ኢስታንቡል፣ ግንቦት 1 ቀን 2016

ለማከብርዎት አጎቴ

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ። ፖስታውን ከፍቼ ሰማያዊ በሰማያዊ ሳይ እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ ተንከትክቼ ሳቅሁ። መምህሬ ደንግጠው መጡ። አጎቴ፣ ሰማያዊው ነው መጠቅለያው! ነጮቹ እንዳይጣበቁ መሀላቸው የሚገባ ተራ ወረቀት ነው። ምንጩን ያጣራው እሱ አልነበረም፤ የአክስቴ ጥቁር አዝሙድ ግን በዓለም ላይ ካለ ጥቁር አዝሙድ ሁሉ የተከበረ ክዳን አግኝቷል።

አይፈሩ፤ መጀመሪያ ቀን እኔም ያንኑ ሠርቻለሁ። ነጩን ጥዬ በሰማያዊው ግማሽ ቀን ደክሜያለሁ። እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ነው የነገርኩት።

ሌላ እሽግ ልኬያለሁ። ዝናቡ ሲገባ ይሥሩት፤ ያኔ ነው መሬት ውስጥ ያለው ወደ ምንጭ የሚወርደው። የታሸገ ውሃ ግን ግዴታ ነው። እሱ ከሌለ ማህተም የለም።

ከላይ ያለውን ደግሞ ደህና አድርገው ያስቡልኝ። ግጦሽ ብቻ ነው? እኔ ከወጣሁ ወዲህ የተሠራ ነገር የለም?

ሲሃም

*

ሊሙ ገነት፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016

ለልጄ ለሲሃም

አላህ ካሰብሽበት ያድርስሽ። ነጮቹን ይዤ ወረድኩ። ጓንቱ ለጣቴ ጠበበ፤ የአሻንጉሊት ነው እንዴ የላክሽልኝ? ቢስሚላህ ብዬ አስቀድሜ የታሸገውን ውሃ ገፋሁ። ክቡ እንደነበረ ነጭ ቀረ። ሀዋ «ውሃ ገዝቶ መሬት ላይ የሚያፈስ ባል ሰጠኝ» እያለች እስከ ማታ አማችኝ።

ቀጥሎ የምንጩን ያዝኩ። ሲሃም፣ በብርጭቆ ስታዪው ጥርት ያለ ነው፣ ከብርጭቆው አይለይም። አንድ ስሪንጅ ገፋሁ፣ ሁለት ገፋሁ። አምስተኛው ላይ ከበደኝ፣ ስድስተኛው ላይ እምቢ አለኝ። ማቀፊያውን ስከፍተው ነጩ ክብ ሻይ እንደፈሰሰበት ሆኗል። ያን ሁሉ ከየት አመጣው? ዓይኔ ለስንት ዓመት ሲዋሸኝ ኖሯል! ቁጭ ብዬ ሳየው የአሱር ሶላት ሊያመልጠኝ ነበር።

መሐሙድ ላሞቹን ወደ ወንዝ እየነዳ ሲያልፍ ቆሞ አየኝ። ክቡን ወደ እሱ ከፍ አድርጌ አሳየሁት። «ኤዬ፣ የማስረጃ ጸሐፊው መጣ በለኛ» ብሎኝ ሄደ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ላሞቹ ከራቁ ስምንት ወር ሊሆናቸው ነው። አላፈላ ያለው ቤት ልጆች ግን ዛሬም ይታመማሉ። እበቱ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ይሆናል መቼም።

ማህተም! ማህተም!

ኸይሩ

*

ኢስታንቡል፣ መስከረም 14 ቀን 2017

ለማከብርዎት አጎቴ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረስዎ። ክቦቹ እንከን የላቸውም፤ መምህሬ «ይህን የሠራው የት የተማረ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጨርቅ ነጋዴ ነው አልኳቸው።

እንግዲህ ውጤቱ። ከታሸገው ውሃ ክብ ላይ ምንም አልተገኘም። ከምንጩ ክብ ላይ የላም የሚባል የለም፤ ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከርመናል። የሰው ግን አለ፣ ብዙ። በየቀኑ የሚገባ ይመስላል።

ማህተሙን ገና አላስመታሁም። መጀመሪያ እርስዎ ቢያውቁት ይሻላል ብዬ ነው። አጎቴ፣ ከምንጩ በላይ ምን አለ?

ሲሃም

*

ሊሙ ገነት፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017

ለሲሃም

ሰላም ነሽ? ደርሶኛል። የሰው ያልሽው የኔ እጅ የነካካው ነው። ጓንቱ ጠቦኝ ተቀዶ ነበር፤ ያን ጊዜ አልጻፍኩልሽም። ላብም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማህተሙ ይቅር፣ ወረቀቱን ለማንም እንዳታሳዪ። ለአፊፋም ፖስታውን አሽገሽ ስጫት።

ቡናው ደህና ነው።

ኸይሩ

*

ኢስታንቡል፣ ኅዳር 25 ቀን 2017

ለማከብርዎት አጎቴ

ጤናዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎ ዱዓ የለውም፤ ከእርስዎ ዱዓ የሌለው ደብዳቤ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለቱንም ክቦች የሠሩት በአንድ ቀን፣ በአንድ ጓንት፣ በአንድ እጅ ነው። ከእጅዎ ቢሆን ኖሮ የታሸገው ውሃ ክብ ላይም ይገኝ ነበር። ደግሞ እኔ ያገኘሁት በእጅና በላብ ላይ የሚኖር አይደለም። አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው።

አሚራ ጋ ደውዬ ውሃውን ሳታፈላ ለሬድዋን እንዳትሰጥ ነግሬያታለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ እሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ሲሃም

*

ኢስታንቡል፣ ግንቦት 6 ቀን 2017

ለማከብርዎት አጎቴ

አፊፋ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ሦስቴም ባዶ እጇን መጣች። ደህና ነው፣ ሱቅ በር ላይ አይቼዋለሁ ትለኛለች። ከተቆጡኝም ተቆጥተው ይጻፉልኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቁጣ የለመድኩት ከእርስዎ ብቻ ነው፤ ዝም ሲሉኝ የምሆነውን አጣለሁ።

ሲሃም

*

ሊሙ ገነት፣ ሰኔ 18 ቀን 2017

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለሲሃም

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ አንቺን ከኔ ዓይነቱ ግትርነት ይጠብቅሽ። አልተቆጣሁም። አፍሬ ነው።

ከምንጩ በላይ ምን አለ ብለሽ ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ። ሽንት ቤት አለ። የኔ ነው። አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ቡናችንን የሚወስደው ድርጅት ተቆጣጣሪ ልኮ፣ ለለቃሚዎች መጸዳጃ ካልሠራህ ቡናህን አንቀበልም አለኝ። ከታች የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ናቸው፤ እዚያ ሽታ አይሆንም ብዬ ከላይ ዋንዛው ሥር አስቆፈርኩት። ጥልቅ ጉድጓድ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ቀለም የተቀባ። ተቆጣጣሪው ፎቶ አነሳው፤ እኔም ጎኑ ቆሜ ተነሳሁ። ከምንጩ ዓይን ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ነው በእግሬ የለካሁት።

ወላሂ፣ መጀመሪያ ስትጠይቂኝ ትዝም አላለኝ። ሁለተኛው ላይ ትዝ አለኝ፤ አልጻፍኩትም። የሰው ነው ያልሽኝ ቀን ግን አወቅሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው። ሰው ስንት ዓመት «ከሊልን አላህ ይርሐመው» እያለ የጠጣው ምን ኖሯል? ይህን ሳስብ ድንጋዩን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጉድጓዱን ያን ሰሞን ዘግቼ በኖራ ሞላሁት፤ አዲሱን ከምንጩም ከማድረቂያዎቹም በታች አስቆፈርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «አርጅቶ ነው» አልኩ። ውሃ አፍሉ ማለቱን አላቋረጥኩም፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። መሐሙድም ላሞቹን እንደነዳ ቀጠለ። በእነዚያ ዝም ባልኩባቸው ወራት አንዷ ላሙ የወንዙ አፋፍ ላይ አዳልጧት እግሯ ተሰብሮ ታረደች። ሥጋውን ሲከፋፈሉ ለኔም ድርሻዬን ላከልኝ። ሲሃም፣ ያ ሥጋ አልወረደልኝም።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ከሶላት በኋላ ሰው ሳይበተን ተነስቼ ተናገርኩ። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ዋንዛውን፣ ስልሳውን እርምጃ፣ የታሸገውን ውሃ፣ ነጩን ክብ፣ ሁሉንም። አሚራ ሴቶቹ በኩል ሆና ሰምታኛለች፤ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። እውነቷን ነው።

መሐሙድ በር ላይ ጠበቀኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ መጮህ መብቱ ነው። እሱ ግን «ያ ክብ ነገር ይህን ሁሉ ብቻውን ነው ያወቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። «ካንተ ይሻላል» አለኝ። ጊደር ሰጠሁት፤ ለይምሰል እንኳ እምቢ አላለም፣ ጥርሷን አይቶ ተቀበለኝ። ላሞቹም ከዚያ ቀን ጀምረው ወደ ምንጩ ተመለሱ።

አሁን ሁለት ክብ ልኬልሻለሁ። የታሸገውንም የምንጩንም ስሪንጁን የገፋው መሐሙድ ነው። የኔ እጅ ይቅር ብዬ ነው። ጓንቱ ለእሱ ልክ ሆነ። ነጩንና ሰማያዊውን ሳስተምረው እንዴት እንደኮራሁ ብታይ!

ማህተም ይቅር ብዬሽ ነበር። አሁን እፈልገዋለሁ። ያለፈው ዓመትም የዘንድሮውም ይጻፍ፤ የኔን ሽንት ቤት ስሙን ጠርተሽ ጻፊው።

አጎትሽ ኸይሩ

*

ኢስታንቡል፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ መውረጃዬን አለፍኩ። አላህ ያን ጁምዓ የቆሙበትን እግር ያጽናልዎት። አባቴ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ ይቆጣዎት ነበር፤ ቀጥሎ አካፋ ይዞ ይመጣ ነበር።

ወረቀቱ ከነማህተሙ እነሆ። የታሸገው ውሃ ንጹሕ ነው፤ የመሐሙድ እጅ የታመነ ነው። የሰው የነበረው በእጅጉ ቀንሷል፣ ገና አልጠፋም። አፈር ቀስ ብሎ ነው የሚጠራው፤ አንድ ሁለት ክረምት ሊፈጅ ይችላል። ማፍላቱ አይቋረጥ።

ሌላም አለ። እየሳቅሁም እየተጨነቅሁም ነው የምጽፈው። አምና ያልነበረ አሁን ተገኝቷል። ትንሽ ነው፤ ግን የላም ነው።

ሲሃም

*

ሊሙ ገነት፣ መስከረም 22 ቀን 2018

ለልጄ ለሲሃም

አላህ ያንን ዓይንሽንና ያንን እጅሽን ይጠብቅልኝ። እንኳን አደረሰሽ። ወረቀቱን ብቻዬን አላነበብኩትም። መሐሙድን ምንጩ ድረስ ጠርቼ ድንጋዩ ሥር ተቀምጠን እኔ አነበብኩ፣ እሱ አዳመጠ። የሰው የሚለው ላይ ስደርስ ወደ ዋንዛው አየ። የላም የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ ሳቁ መጣ። ጎኑን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ። «ኸይሩ፣ አሁን እኩል ነን። ጊደሯን ግን አልመልስም» አለኝ። በማግስቱ ገንዳ ጠርቦ ከምንጩ በታች፣ ከመንገዱ ማዶ ተከለው። ላሞቹ እዚያ ይጠጣሉ።

ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ከአባትሽ ስም ጎን ሰቀልኩት። በጉልህ «እስኪጠራ አፍልታችሁ ጠጡ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ከሥሩ ስሜን። ክቦቹ እያለቁ ነው። መሐሙድ ደግሞ የግቢውን የውሃ ጉድጓድ፣ የወንዙን ውሃ፣ የቤቱን ጣሪያ ውሃ ሳይቀር እንሞክር እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ ነጮቹን ብቻ ቢቻል ያለ ሰማያዊው ላኪልን።

ትናንት አንዲት ሴት ጀሪካኗን ሞልታ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እኔ መሆኔን አላወቀችም። ጀሪካኗን ስታነሳ እንደ ልማዱ «ከሊልን አላህ ይርሐመው» አለች። ትንሽ ቆማ፣ «ኸይሩንም ይርሐመው» ብላ ጨመረች። እኔ ገና አልሞትኩም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «አሚን» አልኩና ዘጋሁት።

አጎትሽ ኸይሩ